መንገድ ያነሳ ይዘፍናል

ባለፈው ሳምንት መቐለ ውስጥ የሱሪዬ ዚፕ ተበጠሰ። ለዚህ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ክብር ያለው መነሻ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የሆነው ይኸው ነው፣ የሆነውን መጻፍ ደግሞ የዕድሜ ልክ ሥራዬ ነው። የአንድ የቀድሞ ባልደረባዬን ተዝካር ለመድረስ ሄጄ፣ የመመለሻው አውሮፕላን ተሰርዞ፣ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ካለ ሆቴል ተቀምጬ ዝናቡን እያየሁ ነበር። የያዝኩት ሱሪ አንድ ብቻ ነው። የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ሓድነት ሰፈር ጎበዝ ልብስ ሰፊ እንዳለች ስትነግረኝ ኮቴን ወደ ፊት ጎትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሱቋ ጠባብ ናት። አንድ የእግር ስፌት መኪና፣ አንድ የከሰል ካውያ፣ ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ትልቅ ክፍል። ሰፊዋ አርባውን ያለፈች፣ ሻርፕ ያሰረች፣ ሜትር አንገቷ ላይ የጣለች ሴት ናት። «ኣቦይ፣ ከመጋረጃው ኋላ ያውልቁልኝ፤ ጋቢ አለ» አለችኝ። አወለቅሁ፣ ጋቢውን ታጥቄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ውጭው ዝናብ ነው፣ ሱሪዬ እሷ እጅ ነው፤ የምሄድበት የለኝም። ዝም ብሎ ከመቀመጥ ብዬ፣ «በአላማጣ በኩል መንገዱ እንዴት ነው? አውሮፕላኑ ካልተገኘ በመኪና ልሂድ እያልኩ ነበር» አልኳት። እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሳ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል፣ «ይድረፍ!» አለች። ሁለቱ ሴቶች ሳቁ። በትግርኛ «ይዝፈን» ማለት ነው። «እዚህ ቤት መንገድ ያነሳ ይዘፍናል፣ ኣቦይ። እንግዳም ቢሆን።»

ያችን ዓረፍተ ነገር ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ወጣት ሳለሁ፣ እዚሁ ከተማ ነው። ከማን እንደ ሰማችው ጠየቅኋት። መለሰችልኝ። መልሷን በቦታው እጽፈዋለሁ፤ መጀመሪያ እኔ ከየት እንደ ሰማሁት ልንገር።

ያኔ መቐለ የመጣሁት ለአጭር ጊዜ ተብዬ ነው። አንድ ቦርሳ፣ ሁለት ቴትረን ሸሚዝ፣ አንድ ቦላሌ ሱሪ ይዤ። ብዙም ሳይቆይ መንገዱ ተዘጋ። ማን እንደ ዘጋው፣ ለምን እንደ ዘጋው ያኔ በየዕለቱ ከሚነገረኝ እየመረጥኩ እጽፍ ነበር፤ ዛሬ ግን የማስታውሰው አስፋልቱን ነው። ከተማው በየትኛውም በኩል ሲያልቅ አንድ ኬላ አለ፣ ከኬላው ወዲያ አስፋልቱ ይቀጥላል፣ ሰው ግን አይቀጥልም። ወደ ደቡብ የሚወጣው ኮንቮይ ብቻ ነበር፤ በወታደር የታጀበ የጭነት መኪና ሰልፍ። መቼ እንደሚነሳ አይነገርም። ሲነሳ ከሾፌር ጋር የተዋወቀና ጓዙን ያሰረ ሰው ጭነት ላይ ይወጣል፤ ሌላው ሲነቃ ጎማው መሬት ላይ የተወውን መስመር ያያል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ቀኑን የሚጀምረው በአንድ ጥያቄ ነበር፤ ሻይ ቤት ስትገባ፣ ጋዝ ስትሰለፍ፣ ቀብር ላይ ሳይቀር። «መንገዱ ምን ይላል?» መንገዱ ምንም አይልም።

ያለው ነገር ሁሉ ያው ነበር። ሻይ አስራ አምስት ሳንቲም፤ ስኳር ሲጠፋ በከረሜላ ይጠጣል፣ ዋጋው ግን አይቀንስም። አዲስ ጨርቅ ስለማይገባ ልብስ ሰፊዎች ኮት መገልበጥ ያዙ። ኮቱን ይፈቱታል፣ የነተበውን ፊት ወደ ውስጥ፣ ያልነተበውን ውስጥ ወደ ውጭ አድርገው እንደገና ይሰፉታል። አዲስ ይመስላል፤ ነገር ግን የደረት ኪሱ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ቁልፉም እንደ ሴት ኮት በተቃራኒው ይቆለፋል። በኋላ አዲስ አበባ ተመልሼ ፒያሳ ስሄድ እንኳ የደረት ኪሱ በቀኝ የሆነ ወንድ ባየሁ ቁጥር ቆሜ ሰላም ማለት ይቃጣኝ ነበር።

ክበቡ የተቋቋመው ለዚህ ለተዘጋበት ሰው ነው። የክረምት ክበብ ይባላል፣ ለጎልማሶች ብቻ፤ በክረምት እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ይከፈታል፣ ሰዓት እላፊው ገና ብርሃን ሳለ ስለሚጀምር ቀደም ብሎ ይዘጋል። አዳራሹ ጣሊያን የሠራው የእህል መጋዘን ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ በመሆኑ ዝናብ ሲመጣ ተናጋሪው አፉን ይከፍታል እንጂ ድምፁ አይሰማም፤ እስኪያባራ ተያይተን እንቀመጣለን። መጀመሪያ ንግግር፣ ቀጥሎ ሻይና ቆሎ፣ ከዚያ ዳንስ። ሸክላዎቹ ጥቂት ነበሩ፣ ያረጁ። አንደኛው መሐሉ ላይ ይዘላል፤ የሚዘልበትን ቦታ ሁላችንም በቃል ስላወቅነው ጥንድ ሆነን ስንደንስ እዚያ ላይ ስንደርስ አብረነው እንዘላለን። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ዘፈን ደህና ሬዲዮ ላይ ስሰማው ሳይዘል አለፈ። የሆነ ነገር የጎደለው መሰለኝ።

ሊቀ መንበሩ አቶ ኪዳነ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የሐኪም ቤት ድሬሰር፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ከሆዳቸው የሚወጣ። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው። በመጀመሪያዎቹ እሑዶች ሰው ስለ ወባ ንግግር ሊሰማ መጥቶ ሹክሹክታው ስለ መንገድ ብቻ ሆነባቸው። ተነሡና ጠረጴዛ መቱ። «ስሙ፣ ሓወይ፣ ሓፍተይ! ከዚህ በር ውጭ ስንት ቀን ነው ስለሱ የምናወራ? ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ውስጥ መንገድ ያነሳ፣ ኮንቮይ ያነሳ፣ መቼ ይከፈታል ያለ መድረክ ላይ ወጥቶ ይዘፍናል። ድምፅ የለኝም አይሠራም። ድምፅ የሌለው ሁለት ይዘፍናል።» የመጀመሪያው ተቀጪ የውሃ ባለሙያው ሆነ። የከተማው ውሃ ከዓይናለም ጉድጓዶች እንዴት እንደሚመጣ ሊያስረዳ ቆሞ፣ «ቧንቧው መንገዱን ተከትሎ—» ከማለቱ አዳራሹ «ይድረፍ!» ብሎ ጮኸ። ዘፈነ። ተመልሶ ቀጠለ፣ ቧንቧው ግን አሁንም ያንኑ መንገድ መከተል ነበረበት። በመጨረሻ «ያ ጥቁር፣ ረጅም፣ የምታውቁት ነገር» እያለ ጨረሰ። እኔ በሥራዬ ቃል መምረጥ ስለለመድኩ አንድም ቀን አልተቀጣሁም። አቶ ኪዳነ «ጋዜጠኛይ፣ አንተን የምይዝበት ቀን ይመጣል» ይሉኝ ነበር።

በጣም የሚቀጣው ሰይድ ነው። ሰይድ ከወሎ፣ ከሐይቅ የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ለአንድ በጋ ሠርቶ ሊመለስ መጥቶ የቀረ። የእኔንም ኮት የገለበጠልኝ እሱ ነው። ሲመጣ ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። ልጅቱ ከተወለደች በኋላ አንድ ሾፌር፣ «ሴት ናት፣ ስሟን ሃያት ብለዋታል» ብሎ ነገረው፤ ስለ ልጁ የሚያውቀው ይኼን ሁለት ነገር ብቻ ነበር። የሕፃን ቀሚስ ይሰፋላታል። ክረምቱ ሲያልፍና ሳይሄድ ሲቀር ያንኑ ቀሚስ ይፈታና ትልቅ አድርጎ እንደገና ይሰፋዋል፤ አድጋለችና። ይህ ሰው እንዴት ብሎ መንገድ ሳያነሳ ይውላል? ሌላው ደግሞ ይተናኮለዋል።

«ሰይዶ፣ ደሴ ይሻላል ሐይቅ?» ትለዋለች ለታይ፣ የሙዚቃ አስተማሪዋ።

«ሐይቅ እንጂ! ደሴማ ከሐይቅ ወዲያ ነው፣ በመኪና ስትሄጂ ከመንገዱ—»

«ይድረፍ!»

«አቦ ተይኝ፣ ወላሂ ሆን ብለሽ ነው!»

ሆን ብላ ነበር። ምክንያቱም ሰይድ ሲዘፍን አዳራሹ ይለወጣል። በአምባሰል ቅኝት፣ ያለ መሣሪያ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱ የገጠማትን አንዲት ግጥም ብቻ ይዘፍናል፦

የሐይቅ ውሃ ጠርቶ ካሳያችሁ መልኬን፣
አባትሽ ነው በሉ አሳዩልኝ ልጄን።

አማርኛ በቅጡ የማይሰሙት እንኳ ዝም ይላሉ። ሰው ለቅጣቱ ብሎ መምጣት ጀመረ።

በሦስተኛው የሰይድ ክረምት ለታይ ሙዚቃዊ ድራማ አዘጋጀች፣ ግማሹ በትግርኛ ግማሹ በአማርኛ። ታሪኩ ሙሽራው ስለቀረበት ሰርግ ነው። ሙሽራው ለምን ቀረ? ሁላችንም ምክንያቱን እናውቀዋለን፤ ግን ምክንያቱ በክበቡ ሕግ የማይነሳው ነገር ነው። ስለዚህ ለታይ፣ ሙሽራው የቀረው ሱሪው ስላልተሰፋ ነው አለች። ሙሽራዋ ታለቅሳለች፣ ሚዜዎቿ ይዘፍናሉ፣ ሁሉም ሱሪውን ይጠብቃል። ልብስ ሰፊውን ሰይድ ይሠራዋል፤ ዘፈን የለውም፣ መድረኩ ጥግ ተቀምጦ መስፋት ብቻ። «በቅጣት ሲዘፍን በነፃ ይሰማል፤ በድራማ ማን ያዘፍነዋል» አለች። ልምምዱ ላይ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። «ሱሪው ምን ይላል?» የሚል ሰላምታ ከተማው ውስጥ ተዛመተ። ሳቁ ግን ሲያልቅ እንዴት እንደሚያልቅ አስታውሳለሁ፤ ድንገት፣ ሁሉም እኩል፣ ግድግዳ የነካ ይመስል።

ድራማው የሚታይበት እሑድ ሰይድ ቀድሞ መጣ። መድረክ ጀርባ የልብሱን ቅርጫት ሳነሳለት ከሥሩ የታሰረ ጓዝ አየሁ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። «ጋዜጠኛ ነህ፣» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ያየኸውን አልክድህም። ነገ ጎህ ሲቀድ። ሾፌሩ አስምሎኛል፤ ላንድ ሰው ብትናገር ጥዬህ ነው የምሄደው ብሎኛል። ባለፈው ወሬው ወጥቶ ሰው መኪናው ላይ ተንጠለጠለ፣ ወታደሮቹ ሁሉንም አወረዱ።» ቅርጫቱን ቦታው መለስኩት።

የዚያን ቀን ሰይድ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተቀጣም። በሻይ ሰዓት ከበቡት። ለታይ፣ «ሰይዶ፣ ሐይቅ ምን ያህል ይርቃል?» አለችው።

«ይርቃል።»

«በእግር ነው በመኪና?»

«ቆሎ ስጪኝ።»

«ኣንታ፣ ታመህ ነው እንዴ?» አሉት አቶ ኪዳነ። ሰው ሳቀ። ሰይድ ቆሎውን በአፉ ሞላ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የግማሹ ሰው ዘመድ ደሴና ኮምቦልቻ ነው። አንዲት ቃል ቢናገር የሚያስደስታቸውን ሰዎች ሁሉ እያየ፣ ቃሏ ግን ልጁን የምታስቀርበት ሆና፣ አፉን ዘግቶ ድራማው እስኪያልቅ ሱሪ ሰፋ።

ድራማው አለቀ። ሱሪው ተሰፋ፣ ሙሽራው መጣ፣ እልልታ ሆነ። መጋረጃ ሊዘጋ ሲል ሰይድ ከጥጉ ተነሥቶ መሐል መድረክ ቆመና ዓይኑን ጨፈነ። ማንም አልከሰሰውም፣ ማንም «ይድረፍ» አላለም። ያቺን ግጥም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈናት፤ ሲጨርስ ደገማት። መጀመሪያ ያጨበጨቡ ነበሩ። ከዚያ ጭብጨባው ከፊት ወንበር ጀምሮ እየተቋረጠ ወደ ኋላ ሄደ። ያላጠፋ ሰው ቅጣት የሚከፍለው ለምንድን ነው? አንድ በአንድ ገባቸው። ቃሉን ሳይናገር ዋጋውን አስቀድሞ ከፍሏል።

አሁን ሰው ወደ በር ይሮጣል ብዬ ጠበቅሁ። አቶ ኪዳነ ተነሡ። አዳራሹን ዞር ብለው አዩና «ሒሳቡን ዘግተናል» አሉ። ከዚያም፣ «ማንም ከዚህ ወጥቶ አንድ ቃል የሚናገር የለም። ከሰይድ ጋር ሰላም የምትባባሉ ተሰለፉ።» ተሰለፉ። ወረቀት ኬላ ላይ ስለሚያስጠይቅ ማንም ወረቀት አላወጣም። እያንዳንዱ ሲደርስ ሰይድን አቅፎ በጆሮው ይናገራል። «ደሴ፣ ሙጋድ፣ ወይዘሮ ዘነበች። ደህና ነው በላት።» «ሆጤ፣ ከመስጊዱ በታች፣ ሸህ አሊ ቤት። ወልጃለሁ በላቸው።» ሰይድ እየደገመ ይይዛል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። መጨረሻ ላይ አቶ ኪዳነ ራሳቸው ቆሙ። ሦስት ክረምት ሙሉ የእሳቸው የሆነ ሰው ከኬላው ወዲያ ይኑር አይኑር አናውቅም ነበር። ጎንበስ አሉና «ኮምቦልቻ» አሉት። ቀጥለውም፣ «ወደይ። ልጄ።»

ጠዋት ኮንቮዩ የነበረበት ቦታ ሄድኩ፤ ባዶ ነው። በዚያው ሳምንት ሰልፉ መሐል ላይ ተመትቷል የሚል ወሬ መጣ፣ በማግስቱ ደርሷል የሚል መጣ። ሁለቱንም የሚያረጋግጥ አላገኘሁም። ወራት አልፈው እኔ በወታደር አውሮፕላን ወጣሁ። አቶ ኪዳነ ግን መንገዱ ሳይከፈት እንዳረፉ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጻፍኩ፣ ያላረጋገጥኩትን ላለመጻፍ ተጠነቀቅሁ። የሰይድ ነገር ሳይረጋገጥ አብሮኝ ኖረ።

«ከማን ሰማሽው?» ብዬ ስጠይቃት ሰፊዋ የመለሰችልኝ «ካባቴ» ብላ ነው።

«አባትሽ ማን ይባላል?»

«ሰይድ።»

«አንቺ ሃያት ነሽ» አልኳት። እግሯ ፔዳሉ ላይ ቆመ። ሁለቱ ሴቶች አንገታቸውን አዞሩ። ጋቢ እንደታጠቅሁ ተነሥቼ ቆሜ ኖሯል፤ «ይቀመጡ፣ ኣቦይ፣ ይወድቃሉ» አለችኝ። ተቀመጥኩ፣ ነገርኳት። እሷም ነገረችኝ።

ደርሷል። «ግን ያ ሾፌር ሐይቅ ላይ አልቆመም» አለች። «ኮንቮይ አይቆምም አሉት። አባቴ ጭነት ላይ ሆኖ የራሱን ቤት ቆርቆሮ እያየ አለፈ። ደሴ ወረደ። ከዚያ እንደ ሰው አይመለስም? ሁለት ቀን የሰው ሰላምታ ሲያደርስ ዋለ፣ አደረ። ኮምቦልቻ ድረስ ወርዶ የአንድ ሽማግሌ ልጅ ፈልጎ አገኘ። እናቴ እስካሁን ትናደድበታለች፣ እወ፣ እስካሁን! ሲመጣ እኔ ፈርቼ ቀሚሷ ኋላ ተደበቅሁ አሉ። የሰፋውን ቀሚስ አወጣልኝ፤ አነሰኝ። አለቀሰ። ከዚያ ዘፈነልኝ፣ ወጣሁ።»

መንገዱ ሲከፈት ሚስቱንና ልጁን ይዞ መልሶ እዚሁ መጣ፤ ሥራውም ሰው የሚያውቀውም እዚህ ነበር። በገዛ እጁ ተመለሰ። ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ መንገዱ እንደገና ተዘጋ፣ የቅርቡን ማለቷ ነው፣ ስልኩም አብሮ። «ወንድሜ ደሴ ነበር። እናቴ ቀኑን ሙሉ መቼ ይከፈታል፣ መቼ ይከፈታል። አባቴ አንድ ቀን ከአልጋው ተነሥቶ 'ይድረፍ!' አለ። ሳቅን። ጎረቤቱ ሰማ፣ እሑድ እሑድ መጣ። አንዷ ነርስ ነበረች፣ ስለ ደም ግፊት ታስረዳናለች፤ መድኃኒቱ የለም፣ ግን ታስረዳናለች። ሌላው ክራር ይዞ መጣ። ኮት መገልበጥ ያስተማረኝም ያኔ ነው። በዚያ ጊዜ በዚህ ቤት የተዘፈነው! ያላወቀ ሰርግ ቤት ይለን ነበር።» አሁንም ክረምት ክረምት ከመጋረጃው ጀርባ ይሰበሰባሉ። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁለቱ ሴቶች አባላት ናቸው፤ አንደኛዋ በቀጣዩ እሑድ ስለ ጓሮ አትክልት ትናገራለች።

«ሰይድስ?» አልኩ።

«በሁለተኛው ክረምት አረፈ።»

«መንገዱ ሳይከፈት?»

ጣቷን አነሣች፣ መልሳ አወረደችው። «ይሄኛውን አልቆጥርብዎትም» አለችኝ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዚፑን ገጥማ፣ ሁለት ጊዜ ከፍታ ዘግታ ሞከረችው፤ ሱሪውን ግን ጭኗ ላይ አድርጋ አልሰጠችኝም። «የመጀመሪያውን ግን ቆጥሬዋለሁ። አልዘፈኑም።» ድምፅ የለኝም አልኳት። «ድምፅ የሌለው ሁለት ነው» አለች አግዳሚው ላይ ያለችው። አቶ ኪዳነ የሚይዙኝ ቀን ይመጣል ያሉት ይኸው መጣ። ዓይኔን ጨፍኜ የማውቃትን አንዲት ግጥም ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ስንኝ እንደ ምንም ዘለቅሁት፤ ሁለተኛው ላይ «አባትሽ ነው» ከሚለው ስደርስ ድምፄ ቆመ። ሃያት ከማሽኑ ላይ ሆና ተቀበለችኝና ጨረሰችው።

ሱሪዬን ሰጠችኝ። «በሉ፣ ከፍለዋል። አሁን ይጠይቁ።»

«በአላማጣ በኩል መንገዱ እንዴት ነው?»

«ዛሬ ክፍት ነው አሉ።»

«ነገስ?»

እግሯን ወደ ፔዳሉ መለሰች፣ አዲስ ጨርቅ ከመርፌው ሥር አስገባች። «ኣቦይ፣» አለችኝ፣ «ሁለተኛ ዘፈን መጣብዎት።»